የእንጨት ቃጭል ያሰረው ውሻ

እስቲ ጆሮ ስጡኝ። ቡናው ገና አቦሉ ነው፤ ጄኔሬተሩ ቢጠፋም ወሬ ነዳጅ አይጠጣም። ዛሬ የምተርክላችሁ የውሻ ነገር ነው። በር ላይ ታስሮ አላፊ አግዳሚውን ሲጮኽበት የሚውለውን ማለቴ አይደለም። መንገደኛውን ውሻ ነው፤ ከጌታው ጋር ወንዝ ተሻግሮ፣ አቀበት ወጥቶ፣ ሜዳ ላይ የሚያድረውን።

ነገሩን ያነሳው እዚሁ ጁባ፣ ሃይ ማላካል ሰፈር የሚኖር አንድ ወንድማችን ነው። ለእረፍት አገር ቤት ሊገባ አስቧል። መንገዱ ሰላም ከሆነ ደባርቅ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ ጓዙን በጀርባው አዝሎ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ እያለ የሰሜን ተራሮችን በእግሩ ሊጓዝ ነው። ጁባ ላይ ከቡችላነቷ ያሳደጋት ውሻ አለችውና «እሷንስ ይዣት ብሄድ?» አለ። ግማሹ ሳቀበት። አንዱ «ለራስህ ውሃ ከየት እንደምታገኝ ሳታውቅ ለውሻ ታስባለህ?» አለው። ሌላው ደግሞ «ተዉት፣ ከሰው ውሻ ይሻላል፤ ቢያንስ ብድር አይጠይቅም» ብሎ አገዘው። እኔ መልሱ ረጅም ነው ብዬ ወንበሬን አስጠጋሁ።

መልሱ የሚጀምረው ከዚሁ ከተቀመጥንበት አገር ነው። ዓመቶቹን የምጠራላችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ እንዳትደናገሩ። ማላካል ከተማ ከእኛ በስተሰሜን ነጭ ዓባይ ዳር ናት። ከእሷ ትንሽ ከፍ ብሎ ሶባት ወንዝ ይቀላቀላል፤ የሶባት ውሃ ደግሞ አብዛኛው የእኛው ባሮ ነው። በ1869 መጀመሪያ አንድ የዕፅዋት ተመራማሪ ካርቱም ላይ ጀልባ ተሳፍሮ በነጭ ዓባይ ሽቅብ መጣ። ጌኦርግ ሽዋይንፉርት ይባላል፤ ሪጋ የተወለደ ጀርመናዊ ነው። ከዝሆን ጥርስ ነጋዴዎች ጋር ተጠግቶ ወደ ባህር ኤል ጋዛል ዘለቀ፤ በ1870 ደግሞ ከነጋዴዎቹ ቅፍለት ጋር አዛንዴ ወደሚባለው ሕዝብ አገር በእግሩ ገባ።

እዚያ ነው ውሻውን ያየው። ትንሽ ውሻ ነው። ጠጉሩ አጭርና ልስልስ፣ ጆሮው ትልቅና የቆመ፣ ጅራቱ የተጠቀለለ፣ መልኩ ወደ ቡኒ የሚወስደው። አንገቱ ላይ የእንጨት ቃጭል ታስሮለታል። ምክንያቱን ሲጽፍ፣ በረጅሙ ሣር ውስጥ እንዳይጠፋባቸው ነው ይላል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። እኛ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንላለን። ይህ የአዛንዴዎች ውሻ፣ ዛሬ ዓለም ባሴንጂ ብሎ የሚያውቀው ዝርያ፣ ቢበላም ባይበላም አይጮኽም። ደስ ሲለው ወደ እልልታ የሚጠጋ ድምፅ ያወጣል እንጂ እንደ ሌላው ውሻ መጮኽ ልማዱ አይደለም። ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ በሚያድግበት አገር ዝምተኛ ውሻ አንዴ ከእግር ሥር ከራቀ ወዴት እንደገባ የሚያውቅ የለም። እናም አዳኙ እንጨት ፈልፍሎ ቃጭል ሠራለት። አስተውላችሁ እንደሆነ የቃጭሉ ጥቅም ለሰውየው ነው። «ውሻዬ አሁን የት ነው? ምን እየነካ ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጠዋል። ይህን ጥያቄ ያዙልኝ፤ እስከ መጨረሻው አብሮን ይሄዳል።

ሽዋይንፉርትን ከመሰናበታችን በፊት አንድ ነገር ልጨምር። ዲሴምበር 1 ቀን 1870 ያረፈበት የነጋዴዎች ሰፈር በእሳት ወደመ። የሰበሰበው፣ የጻፈው፣ የሚለካበት መሣሪያና ሰዓቱ ሳይቀር አብዛኛው ንብረቱ ነደደ። ያለ ሰዓት ደግሞ ምን ያህል እንደተጓዘ ማወቅ አይችልም። ምን አደረገ? እርምጃውን መቁጠር ጀመረ። ከዚያ በኋላ ባለው ጉዞው 1,250,000 እርምጃ ቆጥሮ በየቀኑ መዘገበ። ይህን ሳስብ የእግረኛ ትልቁ ስንቅ ትኩረት ነው እላለሁ። ሽዋይንፉርት እግሩን ተከታተለ፣ አዛንዴው ውሻውን ተከታተለ። ሁለቱም ከመንገዱ ያልጠፉት በዚህ ነው።

ቀጥሎ ደግሞ ውሻው ራሱ መንገደኛ ሆነ። በ1895 ለንደን ክራፍትስ በሚባለው ትልቅ የውሾች ትርዒት ላይ ከዚህ ዝርያ ጥንድ ውሾች ቀረቡ። ሕዝቡ ተደነቀ፤ ውሾቹ ግን ብዙም ሳይቆዩ ታመው ሞቱ። በ1923 ሌዲ ሄለን ናቲንግ የምትባል ካርቱም የነበረች እንግሊዛዊት ስድስት የአዛንዴ ውሾች አገኘች። የመጡት ከማሪዲ ነው፤ እዚሁ ደቡብ ሱዳን ውስጥ፣ ከጁባ በስተምዕራብ ወደ ያምቢዮ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከተማ። ስድስቱም እስከ እንግሊዝ በደህና ደረሱ። እዚያ የዚያን ዘመን የበሽታ መከላከያ ተሰጣቸው፤ መድኃኒቱ ገና ያልበሰለ ነበርና ጉዳቱን አልቻሉትም። ስድስቱም አለቁ።

በሁለቱም ታሪክ ውስጥ ያለው በሽታ አንድ ነው፤ ጥንዶቹን የገደላቸውም፣ ለስድስቱ መከላከያ የተሰጠበትም ዲስቴምፐር ይባላል። የእንስሳት ሐኪሞቻችንም በዚሁ ስም ይጠሩታል። ውሻን ያስነጥሰዋል፣ ዓይኑን ያዝረበርበዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ በመጨረሻም አንጎሉ ውስጥ ገብቶ ያንቀጠቅጠዋል። ስሙ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ነው፤ ዘመዶቹን ግን ታውቋቸዋላችሁ። የሕፃናት ኩፍኝ አንዱ ነው። ሌላው የከብት ደስታ ነው። አዎ፣ ያ አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው የሚያወሩለት፣ ከ1888 እስከ 1892 ድረስ አገሩን ባዶ ያስቀረው በሽታ። ጣሊያኖች በምጽዋ ባስገቧቸው ከብቶች መጣ፤ ከአሥሩ ከብት ዘጠኙን ያህል ጨረሰ፤ ገበሬው የሚጠምደው በሬ አጣ፤ ረሃቡ ተከተለ። ከብቶቹ ወደቡ ላይ ሲወርዱ ጤነኛ መስለው ይሆናል። ጓዛቸው ውስጥ ያለውን ግን ማን አየ?

የዛሬው ነገሬ ይኸው ነው ወገኖቼ። እንስሳ ይዞ መንገድ የሚወጣ ሰው ሁለት ጓዝ ይዟል። አንደኛው የሚታየው ነው፤ ምግቡ፣ ውሃው፣ ገመዱ። ሁለተኛው አይታይም፤ እንስሳው ይዞት የሚሄደው ወይም በደረሰበት አገር የሚጠብቀው በሽታ ነው። የለንደኑን ትርዒት ጥንድ ውሾች የገደላቸው በሄዱበት አገር የጠበቃቸው ነው። አሁን ደግሞ ተገላቢጦሹን ስሙ።

ወደ ባሌ እንሂድ። ሳነቲ አምባ ከባሕር ጠለል ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ዌብ ሸለቆ ደግሞ ከእሱ ዝቅ ብሎ በሣርና በፍልፈል የተሞላ ሜዳ ነው። እዚያ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በምድር ላይ የቀሩት ለአቅመ መራባት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። የቀሩት በአርሲ፣ በመንዝ ጓሳ፣ በወሎ ደጋዎችና ወንድማችን ሊሄድበት ባሰበው በሰሜን ተራሮች ላይ በጥቂቱ ተበታትነዋል። ጎጃም ጮቄ ተራራ ላይም ነበሩ፤ አሁን የሉም።

የቀይ ቀበሮ አኗኗር ይገርማል። ቀን ቀን ለየብቻው ፍልፈልና አይጥ ያድናል፤ ማታና ጠዋት ግን ቤተሰቡ ይሰበሰባል፣ አፍ ለአፍ ይነካካል፣ ይላላሳል፣ ተጠጋግቶ ያድራል። በደህና ጊዜ ይህ ፍቅር ጥንካሬው ነው። በበሽታ ጊዜ መጥፊያው ይሆናል፤ አንዱ የያዘው ለሁሉም ይዳረሳል።

በሽታውን የሚያመጣለት ደግሞ ውሻ ነው። የባሌ እረኛ ከብቱን ይዞ ወደ ደጋው ግጦሽ ሲወጣ ውሻው ይከተለዋል። ጅብና ነብር ባለበት አገር ውሻ ከሌለ ከብት የለም፤ እረኛውን የሚወቅስ ሰው ደጋ አድሮ አያውቅም። ግን ውሻው አይታሰርም፣ አይከተብም፣ ምግቡንም በአብዛኛው ራሱ ነው የሚፈልገው። የሞተ ከብት ላይ ከቀበሮ ጋር ይገናኛል። አንዳንዴም ከሴቷ ቀበሮ ጋር ይዳቀላል፤ በዌብ ሸለቆ ድቅሎች መገኘታቸው በ1990ዎቹ በዘር ምርመራ ተረጋግጧል። «ውሻዬ አሁን የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ውሻውም አንገት ላይ ቃጭል የለም።

ውጤቱን ልቁጠርላችሁ። በ1991 እና በ1992 የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ገብቶ ቀበሮዎቹን ፈጀ። በ2003 ተመለሰ፤ ዌብ ሸለቆ ውስጥ ከነበሩት ከአራቱ ሦስቱን ያህል ጨረሰ። በ2008 እና በ2009 እንደገና፣ በ2014 እንደገና። በእነዚህ መካከል ደግሞ ያ የለንደኑ ትርዒት ውሾች ጠላት ዲስቴምፐር በ2006፣ በ2010 እና በ2015 ተፈራረቀ። በእንግሊዝ አገር የጥቂት ውሾች ሞት ዜና የነበረው በሽታ እዚህ አንድን ፍጥረት ከምድር ሊያጠፋ ደረሰ።

ሰዎች ዝም አላሉም። የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በ1995 ተቋቁሞ በደጋው ዙሪያ ያሉ መንደሮች እየሄደ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ውሾችን ይከትባል። በ2003ቱ ወረርሽኝ ጊዜ ቀበሮዎቹን ራሳቸውን እየያዙ ወጓቸው። በ2018 ደግሞ ሌላ ዘዴ መጣ፤ ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ ደብቆ ማታ ማታ በየግዛታቸው መጣል። ቀበሮው ሥጋ በላሁ ይላል፤ ተከትቧል።

አሁን ወደ ወንድማችን ጥያቄ ልመለስ፤ መልሴም አጭር ነው። ሰሜን ተራሮች አትወሰድም። ባሌም፣ ጓሳም እንዲሁ። ቀይ ቀበሮ ባለበት ደጋ የከተማ ውሻ ይዞ መግባት ለውሻው ደስታ ተብሎ የሚደረግ አይደለም። «ተከትባለች እኮ!» አለኝ። መልካም፤ ግን እሷ ብትከተብ መንገድ ላይ የምታገኛቸው ያልተከተቡት የእረኛ ውሾች ናቸው። ተጣልታ ትነከሳለች፣ ወይም ገመዷን ፈትታ ፍልፈል ስታባርር የቀበሮውን ቀን ታበላሽበታለች። ጭላዳውም ዋልያውም ውሻ ሲያይ ጓደኛ መጣ አይልም።

«ታዲያ ከእኔ ጋር የትም አትሄድም ማለት ነው?» ትሄዳለች እንጂ! ከጁባ አፍንጫ ሥር ጀበል ኩጁር አለ። ራቅ ማለት ለፈለገና መንገዱ ሰላም ሲሆን ኢማቶንግ ተራሮች አሉ፤ ኪንየቲ 3,187 ሜትር ነው፣ የደቡብ ሱዳን ጫፍ። ግን ይዟት ሲወጣ ሥርዓት አለው፤ ስሙት።

መጀመሪያ ሐኪሙ ዘንድ። የእብድ ውሻ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድሞ፣ የዲስቴምፐሩም አብሮ። ቡችላ ከሆነ የዲስቴምፐሩ በአንድ መርፌ አያልቅም፤ በየጥቂት ሳምንቱ እየተደጋገመ ወደ አራት ወር እስኪጠጋ ይቀጥላል። ወረቀቱን ያዙ፤ ድንበር ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። ውሻ እንደ እኛ ሰውነቱን ሁሉ አያልበውም፤ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። የጁባ የካቲትና መጋቢት ሰውን ራሱን ያንበረክካል። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ ተነሱ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ጥላ ያዙ። አስፋልት ላይ የእጃችሁን ጀርባ አኑሩ፤ እናንተ ካልቻላችሁት መዳፏም አይችለውም። ውሃዋን ከእናንተ ውሃ ለይታችሁ ቁጠሩ። ወደ ወንዝ ሮጣ ትጠጣ እንዳትሉ፤ ዓባይ ውስጥ አዞ አለ።

ሦስተኛው ሸክም ነው። ፈረንጆች ለውሻ የሚታሰር ባለ ሁለት ኪስ ቦርሳ አላቸው፤ ጥሩ ነው፣ ግን ልክ አለው። ጀማሪ ውሻ ከክብደቱ አንድ አሥረኛውን ቢይዝ ይበቃዋል። ባሴንጂ ቢበዛ 11 ኪሎ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሸክሙ አንድ ኪሎ ነው፣ የራሱ እራት። አጥንቱ ያልጠና ቡችላ ደግሞ ምንም አይሸከም።

አራተኛው ገመድ ነው፤ በዚህ አገር ደግሞ ከሁሉም በላይ። ደቡብ ሱዳን በጦርነት ዘመን የተቀበረ ፈንጂና ያልፈነዳ ተተኳሽ ገና ያልጠራባቸው ቦታዎች አሏት። ከተለመደው መንገድ መውጣት ለሰውም ለውሻም ሞት ነው። ፈንጂ የሚያሸቱ ውሾች እዚህ አገር መንገድ ሲያጸዱ ሠርተዋል። እነሱ እንኳ፣ ከሁሉም የሠለጠኑት፣ በረጅም ገመድ ታስረው፣ ከኋላ የሚይዛቸው ሰው ዓይኑን ሳይነቅል ነው የሚሄዱት። ያልሠለጠነችው የእኛ ውሻ በምን ሒሳብ ትለቀቃለች?

አምስተኛው ሌሊት ነው። ነብር ውሻ ይወዳል፤ ጅብም አይጠላም። ውጭ የታሰረ ውሻ ለሁለቱም የተዘረጋ ማዕድ ነው። ድንኳን ውስጥ አብራችሁ ትደር፤ መሽተቱን ቻሉት። ጠዋት ጆሮዋንና የጣቶቿን መሐል እየፈተሻችሁ መዥገሩን ንቀሉ። ማንኛውም ውሻ፣ የራሳችሁም ቢሆን፣ ሰው ከነከሰ ቁስሉ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠብ፤ ከዚያ ያለ ቀጠሮ ወደ ጤና ጣቢያ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኃኒት የለውም፤ ከምልክቱ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል።

ይህን ሁሉ ስል ቀዝቃዛ ውሃ የቸለስኩበት የመሰለው አለ። አይደለም። ሥርዓቱ ሲጠበቅ ምን እንደሚሆን የፉላ ታሪክ ይመሰክራል። በ1959 ቬሮኒካ ቱዶር ዊሊያምስ የምትባል እንግሊዛዊት የዚህን ዝርያ ንጹሕ ውሻ ፍለጋ ወደ ደቡብ ሱዳን መጣች። እስከ ኮንጎ ጠረፍ ባሉ መንደሮች ዞራ ፉላ ብላ የሰየመቻትን ትንሽ ውሻ ይዛ ተመለሰች። በዚያን ጊዜው የእንግሊዝ ሕግ ከውጭ የገባ ውሻ ስድስት ወር ተለይቶ ይቆይ ነበር፤ ፉላም የስድስት ወር ማቆያዋን ጨርሳ ወጣች። የፊተኞቹ ሞቱ፣ እሷ ኖረች። ዛሬ በዓለም ላይ በመዝገብ የተያዙ ባሴንጂዎችን የዘር ሐረግ ብትከታተሉ አብዛኛው እሷ ጋ ይደርሳል። ለጉዞ የወጣ ውሻን የሚገድለው መንገዱ ሳይሆን የሰው ችኮላ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እሱን ብዬ ላብቃ። ያ ክፉ ቀን ያመጣው የከብት ደስታ መጨረሻው ምን ሆነ? ጠፋ፤ ከምድር ላይ ጠፋ። ዓለም መጥፋቱን ያወጀው በ2011 ነው፤ ደቡብ ሱዳን ነፃነቷን ባወጀችበት ዓመት። ከመጨረሻዎቹ መሸሸጊያዎቹ አንዱ ይኸው ደቡብ ሱዳን ነበር። ጦርነት ነበር፣ መንገድ አልነበረም፣ መብራትና ማቀዝቀዣ የሚታሰብ አልነበረም። ያለ ማቀዝቀዣ እስከ 30 ቀን የሚቆይ ክትባት ሲገኝ ከአርብቶ አደሩ መካከል ወጣቶች ሠለጠኑ፤ ክትባቱን ተሸክመው በእግራቸው ከግጦሽ ግጦሽ እየሄዱ ከብቱን ወጉ። በ1993 ብቻ ከሚሊዮን በላይ ከብት ተከተበ።

ጓዝ አዝሎ በእግር መሄድን ካነሳችሁ ለእኔ ትልቁ ጉዞ ያ ነው። የባሌ እረኛ ውሻውን ቤት ትቶ መውጣት አይችልም፤ ስለዚህ ክትባቱ እሱ ያለበት ድረስ መሄድ አለበት። እኛ ለሽርሽር የምንወጣው ግን ምርጫ አለን፤ ልንወስዳት እንችላለን፣ ልንተዋትም እንችላለን። ምርጫ ያለው ሰው ሁለቱን ጓዝ ፈትሾ ይውጣ። የሚታየውን ማታ ማሰናዳት ይቻላል፤ የማይታየውን ግን ከወር በፊት ነው፣ ሐኪም ዘንድ።